ይጎትታል፤ ያቆማል ወይ?

ይህቺን ባለ አልጋ ተጎታች የገዛኋት ከሐምሌው ቁልቢ ገብርኤል በፊት ነው። አሁን የታኅሣሡም አልፏል። እናቴና ልጆቹ ከድንኳን ተገላግለዋል። አልጋው፣ ምድጃው፣ መብራቱ እስካሁን ምንም አላሉኝም።

የማወራው ስለ ፍሬን ነው።

ደላላው ፒካፔን አንዴ ገረፍ አድርጎ አየና «ደብል ጋቢና፣ ያውም ናፍጣ! አቦ፣ ይሄማ ቤት ይጎትታል» አለኝ። ይጎትታል፣ ማን ካደ? ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ቁልቢ በሚወስደው ዳገት፣ ደንገጎ አናት ላይ ስትደርሱ 2,000 አልፋችኋል። የኔ ሞተር ደግሞ ተርቦ የለውም። እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቢሆንም በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። ከኋላ የተደረደሩት ሚኒባሶች ጥሩምባ ነፉብኝ፣ በቃ።

ጉዱ የመጣው ስንመለስ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ፒካፑ ሊቆም ይሞክራል፣ ተጎታቿ ከኋላ ትገፋዋለች። አንዱ ኩርባ ላይ የፒካፑ ኋላ ወደ ጎን ሸርተት ሲል ተሰማኝ። ከዚያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ገባ። እናቴ «ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» አለች። ዝም አልኩ።

ተጎታቿ እኮ የራሷ ፍሬን አላት። ፒካፑ ፍጥነት ሲቀንስ እሷ ወደፊት ትገፋለች፤ ያን ጊዜ ከጋንቾው ጋር የተያያዘው ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቶ የጎማዎቿን ፍሬን በካቦ ይስባል። የኔዋ ዘንግ ዝጎ ደርቋል። ካቦው ደግሞ ከስር በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ሲባጎ በራሱ አይታሰርም! ደላላው ሲጠየቅ ያለኝን ልንገራችሁ፦ «የሚያቆመው መኪናው ነው።»

እሺ ጌታው፣ የፒካፑን መመሪያ አብረን እናንብብ። ፍሬን የሌለው ተጎታች ከሆነ ከ750 ኪሎ በላይ አይፈቅድም። የተጎታቿ ባዶ ክብደት ብረቷ ላይ ተጽፏል፤ 900። ከነውሃዋ፣ ከነሲሊንደሯ፣ ከነብርድ ልብሱ ምድር ሚዛን ላይ ስትወጣ 1,240 መጣች። ቤት ይጎትታል ያልከው ይሄንን ነው?

እዚሁ ሳቢያን ያለ ጋራዥ ዘንጓን ፈታ፣ ዝገቱን አጸዳ፣ ግራሶ ሞላ። ካቦና ሸራም ቀየረላት። ከኋላ የነበሩትን የውሃ ጄሪካኖች እኔ ከጎማዎቹ ፊት አዛወርኳቸው። ከክብደቷ 10 በመቶ ያህሉ ጋንቾው ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብላ ትከተላለች። ኋላዋ ከከበደ እንደ ውሻ ጭራ ትወዛወዛለች።

የታኅሣሡ መልስ ላይ ያው ደንገጎ ሌላ መንገድ መሰለኝ። ገና ከአናቱ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተሩ ራሱ ያዘው፤ ፍሬኑን እየነካሁ እየለቀቅሁ ወረድኩ። ስነካው እሷም ከኋላ ራሷን ትይዛለች፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ ይታወቀኛል። እናቴ ጋቢና ውስጥ እንቅልፏን ለጥጣ ድሬ ገባች።

ስለዚህ አልሸጣትም። ከሐምሌ በኋላ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር በነጻም እሰጠው ነበር፤ አሁን ግን በተጨመረ ዋጋም አልሰጥም። ደላላውን ይቅር አላልኩትም፣ እሱ ሌላ ሂሳብ ነው።

የቀሯት ጎማዎች ናቸው። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ጎናቸውን ግን የድሬ ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። የሚቀጥለው ሐምሌ ሳይደርስ ይቀየራሉ።