ለእንግሊዝኛ አስጠኚያችን ምስጋና፣ ለ12ኛ ክፍል ወላጆች ጥቆማ

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያላችሁ ወላጆች ይህችን አንብቧት። ልጆቹ «ቲቸር» ብቻ ብለው የሚጠሯቸውን የእንግሊዝኛ አስጠኚ በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። እኔም በዚሁ ሙያ ስላለሁ በስማ በለው አይደለም የማወራው።

ሌላ ቦታ የሚደረገውን እናውቀዋለን፤ ስም መጥራት አያስፈልግም። ክፍያ በቅድሚያ፣ ከዚያ ፎቶኮፒ! የቋንቋ ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችውን፣ በትምህርት ጽሑፎች የሚዘወተሩ የ570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታው) ዝርዝር በፊደል ተራ ደርድሮ፣ ከጎኑ አንዳንድ የአማርኛ ፍቺ ለጥፎ «ሸምድዱ»። ዝርዝሩ ምን በደለ? በድግግሞሹ መጠን ለ10 ተከፍሎ የተሠራ ነው፤ በብዛት የሚያጋጥመው ቀድሞ እንዲጠና። እነሱ ግን ያንኑ አፈረሱት። ልጁ መቶ ቃል ሸምድዶ ምንባቡ ፊት ሲቀመጥ ጥያቄው ምን አድርግ እንደሚለው አያውቅም።

እኒህ መምህርት ከጥያቄው ግሥ፣ ማለትም ተማሪውን ምን አድርግ ከሚለው ቃል ነው የሚጀምሩት። በሳምንት ሰባት ቃል፣ አይበልጥም። የደብተሩ ገጽ ለአራት ይከፈላል፦ ቃሉ ከነቤተሰቡ (አናላይዝ፣ አናሊሲስ፣ አናሊቲካል)፣ የሚያዘው ሥራ፣ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር፣ ልጁ ራሱ የሠራው ዓረፍተ ነገር። በሳምንቱ እነዚያው ቃላት ከባዮሎጂ ወይም ከታሪክ መጽሐፍ በተወሰደ ምንባብ ይመለሳሉ።

አንዲት ልጅ ለ«ኢንፈር» (ካልተጻፈው ድምዳሜ ላይ ድረሱ) ጥያቄ ከምንባቡ ቃል በቃል የተገለበጠውን ምርጫ አከበበች። ብዙው ተማሪ የሚወድቀው እዚሁ ነው። ቀይ እስክሪቢቶ አላነሱም። «ይሄማ ተጽፏል፤ ማንም ያገኘዋል። ሳይጻፍ አንቺ የደረስሽበትስ?» አሏት። ምንባቡ ገበሬው በየማለዳው ሰማይ ሰማይ እንደሚያይ፣ ከዚያም በሬዎቹን እንደሸጠ ይናገራል። «ዝናብ ቀርቷል» አለች። «ማስረጃሽ?» ሁለት ጣቷን ሁለቱ መስመሮች ላይ አስቀመጡላት። ኢምፕላይ (በቀጥታ ሳይናገሩ መጠቆም) የጸሐፊው፣ ኢንፈር የአንባቢው ሥራ መሆኑ ያኔ ገባት። እድሜና ጤና ይስጥልን!

የቀረውንም አያልፉትም። «ሰመራይዝ» (አሳጥራችሁ ጻፉ) ሲባል የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መገልበጥ፣ «ቲም» (ጭብጥ) ሲባል «ፍቅር» ብሎ በአንድ ቃል መገላገል (ደራሲው ስለ ፍቅር ምን እንዳለ ነው የሚፈለገው)፣ «ኮምፔር» (አነጻጽሩ) ሲባል ልዩነቱን ብቻ ደርድሮ መመሳሰሉን መርሳት፣ ሁሉንም ያስቆማሉ። «ሪፈርስ ቱ» (ተውላጠ ስሙ ማንን ወይም ምንን ያመለክታል) ላይ ደግሞ የመረጡትን መልስ በተውላጠ ስሙ ቦታ አስገብተው እንዲያነቡት ያደርጋሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ከተሰበረ መልሱ ስህተት ነው።

ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። ልጃችሁን ላኩ፤ ፈተናው ሲደርስ ሳይሆን አሁኑኑ፣ በሳምንት ሰባት ቃል በአንድ ወር ተአምር አይሠራምና። በአንድ ቡድን ከስምንት ልጅ በላይ አይቀበሉም፤ የቅዳሜ ጠዋቱ ሞልቷል፣ የእሁድ ከሰዓቱ ክፍት ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ባለ ብዙ ገጽ ደብተርና የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ይዞ ይምጣ፤ ፎቶኮፒውን ቤት ይተወው።