የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያ፦ ያየሁትን ልንገራችሁ

38 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። የማህፀን በሬን ግን ታይቼ አላውቅም ነበር። አክስቴ ካረጠች በኋላ ደም ሲያያት «ይተወኛል» ብላ ዝም አለች። ስትመረመር ካንሰሩ ተስፋፍቶ ነበር። እሷን ከቀበርን በኋላ ነው ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ የሄድኩት።

በስልክ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በአካል ሄዶ ካርድ ማውጣት ነው። የካርድ ክፍሏ ልጅ ጮክ ብላ «ለምን ምርመራ ነው?» ስትለኝ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይሄ መታረም አለበት። ሁለት ሰዓት ከጠበቅኩ በኋላ ደግሞ ሲስተሯ «የወር አበባ ላይ ነሽ?» አለችኝ። ነበርኩ። «ሲጨርስ ነይ» ተባልኩና ተመለስኩ። ይህንኑ በአንድ ወረቀት ጽፈው በሩ ላይ ቢለጥፉት ምን ነበረበት? ለማንኛውም እናንተ የወር አበባችሁ ካለፈ በኋላ ሂዱ። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናትም ግንኙነት አታድርጉ፤ ውስጣችሁንም አትታጠቡ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ሲስተሯ አልረሳችኝም። በሩን ቆለፈች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። የምታስገባውን ብረት ለብ ባለ ውሃ አርጥባ «አሁን ትንሽ ይጫንሻል፣ በረጅሙ ተንፍሺ» አለችኝ። ከዚያ አቼቶ ሸተተኝ። የምሬን ነው፤ ሰላጣ ላይ የምናደርገው ዓይነት ሽታ። የተበረዘ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ቀብታ አንድ ደቂቃ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። የተለወጠ ሴል ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ትንሽ አቃጠለኝ እንጂ አላመመኝም። «ንጹሕ ነሽ እህቴ» ስትለኝ እንባዬ መጣ።

ውጤቱ እዚያው መነገሩን ነው በጣም የወደድኩት። ነጭ ነገር ቢገኝና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ፣ መሣሪያው ባለበት በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ለውጡ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ስለሚፈጅ፣ ቀድሞ ከተያዘ ይድናል። አንድ ብር አልከፈልኩም።

በአገራችን ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ያረጡ ሴቶች ግን በአቼቶው በደንብ ላይታይላቸው ስለሚችል ሌላ ዓይነት ምርመራ ይጠይቁ። ደም ካያችሁ ደግሞ ዕድሜ ሳትቆጥሩ ዛሬውኑ ሂዱ።

ትልቋ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ሴት ልጆች መሰጠት ስለጀመረው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ስጠይቅ ሲስተሯ በደስታ አስረዳችኝ። እኔን ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሺ ብላ ካርዱ ላይ ጽፋልኛለች። ካርዱን ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ነገ ጎረቤቴን ይዣት እሄዳለሁ፤ 45 ዓመቷ ነው፣ እሷም ታይታ አታውቅም።