«ኮናን ዘ ባርባሪያን» ቁጥር 1 እና 3፦ ከመግዛትዎ በፊት

የአሜሪካው አሳታሚ ማርቭል እ.ኤ.አ. በ1970 በ15 የአሜሪካ ሳንቲም ማውጣት የጀመረው ይህ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት)፣ ስለ ጎራዴ ተዋጊው ኮናን ይተርካል፤ መነሻው ሮበርት ሃዋርድ በ1930ዎቹ በርካሽ የጀብዱ መጽሔቶች የጻፋቸው ታሪኮች ናቸው። ድርሰቱ የሮይ ቶማስ፣ ሥዕሉ የባሪ ስሚዝ ነው። የስሚዝ መስመር ከእትም እትም ሲረቅ ማየት ብቻውን ስብስቡን ያስመኛል። ስሙ የገነነው ቁጥር 1 ነው፤ ቁጥር 3 ግን ስርጭቱ አነስተኛ ስለነበር ንጹሕ ቅጂው በቀላሉ አይገኝም። ካገኙት አይለፉት።

ሲገዙ መጀመሪያ መሐሉን ይክፈቱ። ሁለቱ የስቴፕለር ሽቦዎች ከዛጉ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል፤ የመሐል ገጹም ይላቀቃል። ቀጥሎ የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ በብርሃን ይዩ። ሽፋኑ በሚታጠፍበት ጀርባ ላይ ያለ ስንጥቅ በማርከር ተሸፍኖ ከሆነ ቀለሙ ሰርጎ ይታያል። እንዲህ ያለውን በንጹሕ ቅጂ ዋጋ በፍጹም አይግዙ። ጠርዙ መከርከሙን ለማወቅ በዚያው ዓመት ከወጣ ሌላ እትም ጋር በመጠን ያስተያዩት።

ወረቀቱ የጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ በውስጡ ያለው አሲድ ያቢጫዋል። ተራ የፒቪሲ ፕላስቲክ ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ማይላር (ወረቀትን የማይጎዳ ጥርት ያለ የፖሊስተር ፕላስቲክ) ከረጢትና አሲድ የሌለው ካርቶን ይጠቀሙ፣ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ከፀሐይና ከእርጥበትም ያርቁት።