የንጉሡ መኝታ ቤትና አምስት ጠጠር

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ግቢ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። በቀድሞው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ደጃፍ በቀን ሁለት ሦስቴ አልፍ ነበር፤ ገብቼ ግን አላውቅም። ፈተና አለ፣ የካፌ ወረፋ አለ፣ ደግሞ "የትም አይሄድ" የሚሉት ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሚጣ ጎትታ አስገባችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስለ አንድ መሪ ልጅነት ጻፉ ተብለዋል። "አክስቴ፣ ንጉሡ ልጅ እያሉ የት ነበር የሚጫወቱት?" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ነው የተወለዱት፣ ሐረር አካባቢ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ሲሞቱ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ አባታቸው ራስ መኮንን ሲሞቱ ደግሞ ገና 13 ዓመታቸው ነበር። አሁን ሙዚየም የሆነው ይሄ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የአዋቂነት ቤታቸው ነው።

የሚገርመው፣ ሙዚየሙ ራሱ የሚጀምረው ከልጅነት ነው። ዕቃው በብሔረሰብ ተከፋፍሎ አልተደረደረም፤ የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ መጨረሻ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። እኔ ይሄን አደራደር በጣም ወድጄዋለሁ። ሚጣ የልጆች ጨዋታ ጋ ስትደርስ ቆመች። እኔም ስለ ቅልሞሽ ነገርኳት፤ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውረሽ፣ ሳይወርድ መሬት ያለውን አፍሰሽ፣ የወረወርሽውን መቅለብ። "በቃ? ጠጠር ብቻ?" አለችኝ። በቃ፣ ጠጠር ብቻ።

መኝታ ቤቱ ጋ ስንደርስ የወርቅ አልጋ ነበር የጠበቀችው። ቅር አላት። ቀልቧን የሳበው መስተዋቱ ነው፤ የጥይት ቀዳዳ አለበት። "ማነው የተኮሰው?" ብላ ያዘችኝ። የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ታስረዳላችሁ? ያን ጊዜ መፈንቅለኞቹ ያገቷቸው ባለሥልጣናት የተገደሉት እዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ንጉሡም ከዚያ በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ለሚጣ "ተጣልተው ነው" ብዬ አለፍኩ። ሙሉውን ስታድግ።

ላይ ያሉትን ሥዕሎችና መስቀሎች በሩጫ ነው ያየናቸው። ለእነሱ ያለ ልጅ፣ ብቻዬን እመለሳለሁ።

ስትወጡ ደጁ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ እንዳታልፉት። ወደ የትም አይወስድም። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ እርከን። ከነፃነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ለአራት ዓመት ቀጠሮ የማደርገው እዚህ ሥር ነበር! "ደረጃው ጋ ጠብቂኝ" እንባባላለን፣ ምንነቱን ሳናውቅ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩትም እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ሁለት ሰዓት ያዙለት። መታወቂያ አትርሱ። ማኪያቶ ካማራችሁ እኔ የገባሁበት ካፌ አትግቡ፤ ስሙን አልጠራም፣ ግን ለብ ያለ ወተት ነው ያመጡልኝ።

ሚጣ ማኪያቶዬን እስክጨርስ አልጠበቀችም። ከግቢው የለቀመቻቸውን አምስት ጠጠሮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። አንዱን ወረወረች፣ ሁለት አፈሰች፣ የወረወረችው ስኒዬ ውስጥ ገባ።