ባህላዊ ፈውስ በነባር ሕዝቦች ወጣቶች ካሜራ፦ የአንድ የፎቶግራፍ ውድድር ግምገማ

ለነባር ሕዝቦች ወጣቶች ብቻ የተከፈተ፣ ባህላዊ ፈውስንና ደኅንነትን ርእሱ ያደረገ የፎቶግራፍ ውድድር ሲገመገም የፎቶዎቹ ውበት የመጀመሪያው መለኪያ ሊሆን አይገባውም። ቀድሞ መታየት ያለበት ውድድሩ ወጣቱን ምን እንዲያነሣ እንደሚጋብዘው፣ ምን እንዳያነሣ እንደሚያስተምረው፣ ፎቶው ከተላከ በኋላም በማን እጅ እንደሚቀር ነው። የውድድሩን ደንብ ሙሉውን አንብቤ፣ ለሕዝብ የቀረቡትንም ሥራዎች ጊዜ ሰጥቼ ተመልክቼ የደረስኩበት ፍርድ፣ አዘጋጆቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዳዮች ከጠበቅሁት በላይ እንደተሳካላቸው፣ በሦስተኛው ግን ሊያርሙት የሚገባ ከባድ ጉድለት እንዳለባቸው ነው።

ካሜራውን ለራሱ ለማኅበረሰቡ ልጅ መስጠት ለምን ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1930 የሰሜን አሜሪካን ነባር ሕዝቦች የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን በ20 ቅጾች ያሳተመው ኤድዋርድ ከርቲስ፣ ከእነዚሁ ሕዝቦች አንዱ በሆነው በፒጋን ሕዝብ ድንኳን ውስጥ ባነሣው ፎቶ ላይ በሁለት ሰዎች መካከል የነበረውን ሰዓት ከኅትመቱ በፊት አጥፍቶታል። ሊያሳይ የፈለገው ዘመናዊ ዕቃ ያልነካውን፣ በመጥፋት ላይ ያለ የሚመስለውን ሕዝብ ስለነበር ሰዎቹ የሚጠቀሙበት ሰዓት ለሐሳቡ አልተመቸውም። በዚህ ውድድር ከቀረቡት ሥራዎች መካከል ግን አንዲት አዛውንት ሥር ሲቀጠቅጡ የሚያሳይ ፎቶ አለ፤ ከጎናቸው የፕላስቲክ ባልዲ፣ ምንጣፉም ላይ የእጅ ስልክ ይታያል። ያነሣቸው ወጣት ምናልባት የልጅ ልጃቸው ስለሆነ ባልዲውን ማንሣት፣ ስልኩንም መደበቅ አላስፈለገውም። ፈውሱ ዛሬ፣ በዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሆኖ ይታያል። ዳኞቹ ይህን ፎቶ ከተመረጡት ጋር ማካተታቸው ምን እንደሚፈልጉ በሚገባ እንደሚያውቁ ያሳየኛል።

ርእሱ ራሱ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። ካናዳ ነባር ሕዝቦችን በሚመለከተው «የሕንዳውያን ሕግ» ላይ ባደረገችው ማሻሻያ ፖትላች የተባለውን የግብዣና የስጦታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምራ ከልክላ እገዳው የተነሣው በ1951 ነበር፤ ኒውዚላንድም የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የማኦሪ የባህል ሐኪሞች ሥራ የሚያግድ ሕግ በ1907 አውጥታ እስከ 1962 ድረስ አልሻረችውም። እንዲህ ባሉ ዓመታት ያደጉ አረጋውያን የሚያውቁትን መደበቅ ለምደዋል፤ ልጆቻቸውም ብዙ ጊዜ ሳይጠይቁ አልፈዋል። ስለዚህ አንድ ወጣት ካሜራ ይዞ አያቱ ዘንድ ሄዶ «ይህን ከማን ተማሩት?» ብሎ እንዲጠይቅ ምክንያት የሚሰጠው ውድድር፣ ፎቶው ሽልማት ባያገኝ እንኳ፣ ተቋርጦ የነበረን ንግግር መልሶ ያስጀምራል። ከፎቶው ጋር የሚላከው አጭር ጽሑፍ ዕውቀቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እንዲገልጽ መጠየቁን ከውድድሩ ሐሳቦች ሁሉ አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው። ደኅንነት የሚለውም ቃል ሰፋ ተደርጎ በመወሰዱ፣ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን አብሮ መዝፈን፣ ዓሣ ማጥመድ፣ የሟች ቤተሰብን ማጽናናትና በገዛ ቋንቋ ማውራት ሁሉ ቦታ አግኝተዋል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ስለማይነሡ ነገሮች የተጻፈው የደንቡ ክፍል ነው። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ያሉ ብዙ የፑዌብሎ ነባር ማኅበረሰቦች በሥርዓቶቻቸው ላይ ፎቶ ማንሣትን ይከለክላሉ፤ በአሪዞና የሚኖሩት ሆፒዎችም እንዲሁ። የውድድሩ ደንብ ከሚነሣው ሰው ፈቃድ በተጨማሪ የማኅበረሰቡን ሽማግሌዎች ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንድ ሥርዓት የተቀደሰ በመሆኑ ሊታይ የማይገባው ከሆነ ወጣቱ ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ይመክራል። ውጤቱ በፎቶዎቹ ላይ በግልጽ ይታያል። በጣም ከማረኩኝ ሥራዎች አንዱ የላብ ማውጫ ጎጆን፣ ማለትም ሰዎች በጋሉ ድንጋዮች ሙቀት ለፈውስ የሚያልቡበትን ጎጆ፣ ከውጭ ብቻ ያሳያል፤ መግቢያው ተዘግቷል፣ ድንጋዮቹ የተጋሉበት እሳት ወደ ፍም ተለውጧል፣ በደጅ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸው ጫማዎች ተደርድረዋል። በውስጥ የሚደረገውን ሳያሳይ ስንት ትውልድ አብሮ እንደገባ ይነግረናል። እንዲህ ያለ ፎቶ ከቴክኒክ ችሎታ በላይ አስተዳደግን ይጠይቃል፤ ሌሎች ውድድሮች ለዚህ ነጥብ ሲሰጡ አላየሁም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከማመልከቻው ቅጽ ነው። ቅጹ ፎቶው ላይ የሚታየው ተክል ስሙ ምን እንደሆነ፣ ለየትኛው ሕመም እንደሚውልና እንዴት እንደሚዘጋጅ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ጽሑፉም ከፎቶው ጋር ለማንም አንባቢ ክፍት ሆኖ ይወጣል። የቅጂ መብት ሕግ የሚጠብቀው ምስሉን ነው፤ የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በሆነው በበርን ስምምነት መሠረትም ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ጥበቃ ቢያንስ ፎቶው ከተነሣ በኋላ 25 ዓመት ይዘልቃል። በምስሉ ውስጥ የሚታየውን ዕውቀት ግን ያው ሕግ አይጠብቀውም። የደቡባዊ አፍሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ሳኖች በካላሃሪ በረሃ ረኀብን ለማስታገስ ሲጠቀሙበት የኖሩት ሁዲያ የተባለ ተክል በደቡብ አፍሪካ የምርምር ተቋም አማካይነት የባለቤትነት መብት ከተመዘገበበት በኋላ፣ ሳኖች የጥቅም ድርሻ እንዲኖራቸው ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር፤ ስምምነቱ የመጣው ከምዝገባው በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች በግንቦት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ያጸደቁት ውል፣ በዘረመል ሀብት (ለምሳሌ ከተክሎች በሚገኝ) እና ከእርሱ ጋር በተያያዘ ባህላዊ ዕውቀት ላይ ለተመሠረተ ፈጠራ መብት የሚጠይቅ ሰው ምንጩን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ውሉ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም አንድ የ19 ዓመት ወጣት በቅጽ ላይ የጻፈውን የአዘገጃጀት ዝርዝር መልሶ ሊሰበስብለት አይችልም።

በዚህ ላይ አዘጋጁ ፎቶዎቹን ያለ ጊዜ ገደብ የመጠቀም ፈቃድ ይወስዳል፤ ማኅበረሰቡ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ሥራው የሚነሣበት መንገድም በደንቡ ውስጥ አልተጻፈም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2007 ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 ባህላዊ ሕክምናን የመጠቀም፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ ባህላዊ ዕውቀትን የመቆጣጠርና የመጠበቅ መብትን ያውቃል። በአንቀጽ 24 መንፈስ የተዘጋጀ ውድድር አንቀጽ 31ን በቅጹ ላይ መርሳቱ ያሳዝነኛል፤ ሽማግሌዎቹን ፈቃድ በመጠየቅ ያሳየው አክብሮት ከፈቃዱ በኋላ ላለው ጊዜም ሊዘልቅ ይገባ ነበርና።

ስለ ቀሪው ብዙ የምለው የለኝም። ሽልማቱ የፎቶግራፍ መሣሪያ መሆኑ ተገቢ ነው፤ በስልክ የተነሡ ፎቶዎች መፈቀዳቸውም እንዲሁ። የሚፈለገው የፋይል መጠን ግን ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት አካባቢ ለሚኖር ወጣት ከባድ ነው፤ ጽሑፉም በጥቂት ትልልቅ ቋንቋዎች ብቻ መቀበሉ ከርእሱ ጋር አይስማማም። ወጣቱ በአያቱ ቋንቋ በድምፅ ቀርጾ የሚልክበት አማራጭ ቢኖር የቋንቋው ችግር ይቀል ነበር።

መሳተፍ ለሚያስብ ወጣት ያለኝ ምክር ይሳተፍ የሚል ነው፤ ሆኖም የፎቶውን ጽሑፍ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ይጻፈው፣ የተክሉን ስምና አዘገጃጀት የሚጠይቁትን ቦታዎች እነርሱ ካልፈቀዱ ባዶ ይተዋቸው፣ የላከውንም ቅጽ ቅጂ ያስቀምጥ። አዘጋጆቹ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ከቅጹ ላይ ቢያነሡ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱን በዓመታት ቢወስኑትና ማኅበረሰቡ ሲጠይቅ ፎቶው ከገጻቸው የሚወርድበትን አሠራር ቢጽፉ፣ ያለ ማንገራገር ለማንም የምመክረው ውድድር ይሆናል።