በሰላም ላስተኛችኝ ነርስ ምስጋናዬ ይድረስ

ከ3 ሳምንት በፊት የፀጉር ንቅለ ተከላ አድርጌ ነበር። ስለ ሐኪሙ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ እጁ ይባረክ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ነርሷ ነው። ከሕክምናው በኋላ ያሉትን ሌሊቶች እንዴት እንደምተኛ፣ በአራተኛው ቀን አውሮፕላን ተሳፍሬ እንዴት በደህና ቤቴ እንደምገባ ያሳየችኝ እሷ ናት። እግዚአብሔር ይስጣት ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ያደረግሁት ሌላ ቦታ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ገንዘብ እስክከፍል ድረስ ጠዋት ማታ ይደውሉልኝ ነበር። ከከፈልሁ በኋላ ስልኬን የሚያነሳ ጠፋ። ሥራው አልቆ ስወጣ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ ስለ እንቅልፍ የሚናገረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት»። ምን ያህል ከፍ? በምን ተደግፎ? ለስንት ሌሊት? በር ላይ ያገኘሁትን ሠራተኛ ብጠይቀው «ትራስ ደርብበት» ብሎኝ አለፈ። እኔም ደረብሁ። ሌሊት ትራሶቹ ተንሸራተው በሆዴ ተገልብጬ ነቃሁ። መብራት ሳበራ ትራሱ ላይ ደም አየሁ፤ ከደሙ ጋር አጫጭር ፀጉር የያዙ ደቃቅ ነገሮች ተጣብቀዋል። የሆዴን መንቦጭቦጭ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሲነጋ ሮጬ ሄድሁ። «አጥፊው አንተው ነህ» አሉኝ። ጎንበስ ብሎ ራሴን ያየልኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ባርኔጣ አድርጌ ኖርሁ። ከዚያ በፊትም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበርሁ። አባቴን ስንቀብር እንኳን አላወለቅሁትም። እሱ ራሱ በራ ነበር፤ ራሱን ገልጦ፣ ቀና ብሎ የኖረ ሰው ነበር። ያንን ቀን ሳስበው አሁንም ልቤ ይከብዳል። እንደገና ለመሞከር የወሰንሁት ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው፤ ግን ከመርፌውና ከቢላዋው ይልቅ የሚያስፈራኝ እንቅልፉ ነበር።

ይህን ለነርሷ ስነግራት አልሳቀችብኝም። የሥራ ሰዓቷ ካለቀ በኋላ ያረፍሁበት ክፍል ድረስ መጥታ በመጀመሪያ ያየችው አልጋውን ነው። «ትራስ በትራስ ላይ ሲደረብ አንገት ይታጠፋል እንጂ ጀርባ አይነሳም፤ ደግሞም ይንሸራተታል» አለችኝ። የሶፋውን መደገፊያ አንስታ ከወገቤ ጀምሮ እንደ ዳገት ደለደለችው፤ ወደ 45 ዲግሪ ይሆናል። ወደ ታች እንዳልንሸራተት ከጉልበቴ ሥር አንድ ትራስ አስገባች። ሁለት ፎጣ ጠቅልላ በግራና በቀኝ ጎኔ ሸጎጠች፤ እንቅልፍ ላይ ሳለሁ ልገላበጥ ብል እንዲያግደኝ ነው። ለአንገቴ መንገደኞች የሚይዙትን የጨረቃ ቅርጽ ያለው ትራስ አደረገችልኝ፤ የተተከለው ክፍል ምንም ሳይነካው አየር ላይ ቀረ። በመጨረሻ ሁለት እጆቿን ከመደገፊያው ሥር ሰድዳ ሳብ ሳብ አድርጋ ፈተነችው። አልነቃነቅ ሲል ነው «አሁን ተኛ፣ ወንድሜ» ያለችኝ። ተኛሁ። እስኪነጋ ድረስ ተኛሁ!

በሦስተኛው ሌሊት ግንባሬና የዓይኔ ቆብ አብጦ ዓይኔ ሊከደን ደረሰ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አፍሬም ቢሆን ደወልሁላት፤ አነሳችው። ፎቶ እንድልክ ጠየቀችኝ፣ አይታ አረጋጋችኝ። ከሕክምናው የቀረው ፈሳሽ ወደ ታች ሲወርድ የሚሆን ነገር ነው፣ በጥቂት ቀን ይጎድላል፣ ራስህን ከፍ እንዳደረግህ ቆይ አለችኝ። ሕመም ወይም ትኩሳት ቢኖር ግን ወዲያው እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ። እንዳለችውም ጎደለ። በዚያ ሰዓት ስልክ ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ ውለታዋን የምቆጥረው ከዚያች ሌሊት ጀምሬ ነው።

ሥሩ ከምን ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አስረድታኛለች፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ የመጀመሪያዎቹ ከ7 እስከ 10 ቀናት ዋናዎቹ መሆናቸው ነው፤ በእነዚያ ቀናት መነካካት፣ መታከክ፣ መጋጨት የለም። ለጉዞውም ያዘጋጀችኝ በዚሁ መንገድ ነው። በራስ የሚጠለቅ ልብስ ከልክላ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ አስለበሰችኝ። መኪና ስገባ መጀመሪያ እንድቀመጥ፣ ከዚያ አጎንብሼ ራሴን እንዳስገባ በሩ ላይ ሦስት ጊዜ አለማመደችኝ። ተሳፋሪ ሻንጣ ይዞ ሲያልፍ ራሴን እንዳይመታኝ በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር እንድይዝ መከረችኝ፤ የራሴን ሻንጣ ደግሞ አስተናጋጆቹ እንዲሰቅሉልኝ፣ ከባድ ነገር እንዳላነሳ። እውነትም ከፊቴ የነበረው ሰው ከላይ ካለው መደርደሪያ ቦርሳውን ሲያወርድ ማሰሪያው በመተላለፊያው በኩል የተቀመጠውን ሰው ግንባር ገረፈው። እኔ ብሆን ኖሮ ብዬ ዘገነነኝ። በጉዞው ሁሉ ያ የአንገት ትራስ ራሴን ከወንበሩ መደገፊያ አርቆ ያዘልኝ።

እባካችሁ፣ ይህን ሕክምና የምታስቡ ሁሉ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ፀጉሩ ብዛት ብቻ አትጠይቁ። «ማታ ማን ያስተኛኛል? ሌሊት ብደውል ማን ያነሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ተመለሱ። እሷን የምታገኙ ከሆነ ግን ያለ ስጋት ራሳችሁን ስጧት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

በዚህ ሳምንት የተተከለው ፀጉር መርገፍ ጀምሯል። አልደነገጥሁም፤ ይህም እንደሚመጣ፣ አዲሱ ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ ብቅ ማለት እንደሚጀምር አስቀድማ ነግራኛለች። በ11ኛው ቀን የመጨረሻው ቅርፊት ሲወድቅ ፎቶ አንስቼ ልኬላት ነበር። የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ከዛሬ ጀምሮ በፈለግህበት ጎን ተኛ»። በቀኝ ጎኔ ተኛሁ፤ ሰው እስኪቀሰቅሰኝም አልነቃሁም።