ደላኤ 135 ኤም፦ ከወራት መንዳት በኋላ

ሰው ቆሞ የሚያየው ቦዲዋን ነው። እኔ ግን እስካሁን ያልጠገብኩት ካምቢዮዋን ነው።

እ.ኤ.አ. የ1938 ደላኤ ናት፣ የፈረንሳይ መኪና፤ ባለ ሁለት በር ኩፔ። ያኔ ፋብሪካው ሻንሲና ሞተር ይሸጥልሃል፣ ቦዲውን ደስ ባለህ ባለሙያ ታሠራለህ። የኔዋን የሠራት ከፓሪስ ጥግ ሌቫሎዋ-ፔሬ የነበረው አንሪ ሻፕሮን ነው። ኋላ ላይ ጣሪያቸው የሚከፈት ሲትሮየን ዲኤሶችን የሠራውም እሱ ነው።

ሞተሩ ዘሩ ከጭነት መኪና ነው ስል የሚያምነኝ የለም። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር ገደማ ነው። ግን 135 በ1937 የሞንቴ ካርሎን ራሊ፣ በ1938 ደግሞ የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል። ከታች ጀምሮ ሳይጮህ ይጎትታል። ዘይቱን በጊዜው ከቀየርኩለትና ካርቡራተሮቹን ካስተካከልኩለት ሌላ አይጠይቀኝም። ቤንዚን ግን ይጠጣል!

ካምቢዮው ኮታል ይባላል። ከመሪው ሥር ያለችውን ትንሽ ዘንግ በሁለት ጣት ገፋ ስታደርጋት ማርሽ ይቀየራል። ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ማግኔቶች ናቸው፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። ፍሪሲዮን የምትረግጠው ስትነሳና ስትቆም ብቻ ነው። ወደፊትና ወደኋላ የሚለየው ሌላ ዘንግ ስለሆነ አራቱም ማርሽ ወደኋላም ይሠራሉ። (በአራተኛ ወደኋላ ልሂድ የሚል ካለ ሌላ መኪና ይፈልግ።) ባትሪው ከደከመ ግን ነገር ተበላሸ።

ኪስ የሚያራቁተው ውበቷ ነው። ከላሜራው ሥር ያለው አጽም እንጨት ነው። እርጥበት ሲበዛ የግራው በር አልዘጋም ይላል። የሞተር ዕቃ ፈልጎ አይታጣም፤ ለዚህ ቦዲ ግን መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። መስታወቱም፣ ጌጡም፣ የበር ጎማውም በልክ እንደ አዲስ ይሠራል። አንድ ጋራዥ የበሰበሰውን እንጨት በማጣበቂያ ደፍኖ ቀለም ቀብቶ አስረከበኝ። ሥራው በአናጺ ተፈቶ እንደገና ተሠራ፤ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

መሪዋ በቀኝ ነው፤ የዘመኑ ውድ የፈረንሳይ መኪኖች ልማድ ነበር። ከካሚዮን ኋላ ስሆን ከፊት ያለውን መንገድ አላይም። ስለዚህ ባለቤቴ ወያላዬ ሆናለች፦ «እለፍ!»፣ «ኧረ ቆይ!»። ፍሬኑ ዘይት የለውም፣ በገመድ ነው የሚሠራው። ገመዶቹ እኩል ካልተወጠሩ መኪናዋ ወደ ጎን ትስባለች። በበጋ ደግሞ ከሞተሩ የሚመጣው ግለት እግር ይጠብሳል።

እዚህ ፈረንሳይ ከ1960 በፊት መንገድ የወጣችና በቅርስነት የተመዘገበች መኪና ከግዴታው የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ናት። ብዙ ሰው ደስ ይለዋል። እኔ አልወደድኩትም፤ ፍሬንህን የሚያይልህ የለም ማለት ነው። በራሴ ወጪ አስመረምራታለሁ።

ልትገዛ ካሰብክ ቀለሙን ተወው። በሩን ክፈትና ከጫፉ ወደ ላይ ቀስ ብለህ አንሳው። ከተነቃነቀ ማጠፊያው ወይም እንጨቱ አልቋል። የዋጋ ክርክሩን ከዚያ ጀምር።